ለቅሶ የማይቀመጥ አጽናኝ

ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እስክሪብቶውን የያዘችው ነሲባ ናት፤ የጎረቤቴ የባለ ሱቁ የጀማል ሚስት። ቃሉ ግን የኔ የኦቻን ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ባሮ ላይ ታንኳ ስቀዝፍ፣ ዓሣ ሳወጣ አረጀሁ፤ በዚህም አላፍርም። አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ስለሆነ ነሲባ ታቃናው። ሐሳቤን ግን እንዳታቃና ነግሬያታለሁ። «እሺ አባባ» ብላለች። እናያለን።

ለምን እንደማስጽፍ ይታወቅ። ልጄ አጁሉ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ትሠራለች፤ የከሱ ሕፃናት የሚመገቡበት ቦታ። ባሏ ኮንግ በግንቦት ሞተ። ሾፌር ነበር፤ በኢታንግ መንገድ ጭቃው ላይ መኪናው ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ተመልሳ ገብታለች፤ ግን አታናግረኝም። «ውሃ ይኸው»፣ «በሩን ዝጋ»፣ ይኸው ነው ንግግሯ። የምታወራው ከስልክ ጋር ነው። በስልክ ከሰው ጋር ማለቴ አይደለም። ከራሱ ከስልኩ ጋር።

መሥሪያ ቤቷ ነው የሰጣት። ሰው ሲያዝን የሚያናግር፣ የሚመልስ ነገር ስልኩ ውስጥ አስገብተውላታል። እኔ አባቷ እዚህ ቁጭ ብዬ!

ስለዚህ ይህ ነገር ቤቴ ውስጥ የሚያደርገው ሁሉ ይጻፍ። ተጽፎ ሲያልቅ የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ ፊት ይነበባል።

ሰኔ 19

ስሙን ዛሬ ሰማሁ። አጽናኝ ብለውታል። አጽናኝ!

መጽሐፍ ባላነብም ቤተ ክርስቲያን ስቀመጥ ጆሮዬ ክፍት ነው። አጽናኝ መንፈስ ቅዱስ እንደሆነ አውቃለሁ። ጌታ ነው የላከው፤ በካርቶን ታሽጎ በመኪና አልመጣም። ስሙን ያወጣው ሰው ወይ አያምንም ወይ አያፍርም።

ነሲባ «ስም እኮ ነው አባባ፤ ያ ወፍጮ ቤትስ ሰላም አይደል የሚባለው? ሰው ቀኑን ሙሉ በወረፋ ይደባደብበታል» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሰኔ 23

ከሥራ ስትመለስ እግሯን ትታጠብና ከቤቱ ጀርባ ማንጎው ሥር ትቀመጣለች። ስልኩን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። እኔ አልሰልልም፤ ግድግዳው ሸንበቆና ጭቃ ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል።

የስልኩ ድምፅ የሴት ነው። ሬዲዮ ላይ ዜና የምታነበዋን ትመስላለች፤ ጥርት አድርጋ፣ አንድ ቃል ሳትሰብር ትናገራለች። «በደረሰብሽ ሐዘን በጣም አዝናለሁ። አብሬሽ ነኝ» አለቻት።

አብሬሽ! የት ነው አብራት ያለችው? እኛ ዘንድ አዝናለሁ የሚል ሰው ከቤቱ ይነሣል። ይመጣል። ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። ቃል ባይኖረው ዝም ይላል፤ ዝምታውም ይቆጠርለታል። የቀረበውን ይበላል። ነገ እሱ ሲሞትበት እኔ እነሣለሁ፤ እንደዚያው ምንጣፉ ላይ እቀመጣለሁ። ሰውና ሰው የሚተዋወቀው እንዲህ ነው። ይቺ የስልክ ሴት ማን ይሞትባታል? የማን ለቅሶ ላይ ሄጄ ልቀመጥላት ነው? ብድሩ የማይመለስ ለቅሶ የሚደርስ ሰው አላውቅም።

ሚስቴ ያረፈች ጊዜ ማን እንደመጣ ሁሉንም አውቃለሁ። ማን እንዳልመጣም አውቃለሁ። ከኮንግ እናት ቤት አንድ ሰው አልመጣም።

ነሲባ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አቆመች። ጻፊ አልኳት።

ሰኔ 30

ዝናብ። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል፤ ባጭሩ ላስጽፍ። አጁሉ ትናንት እራት አልበላችም። ስልኩ ግን በልቷል፤ ቻርጅ ላይ ነው ያደረው።

ሐምሌ 4

ዛሬ ከተማ መሃል ወርጄ መሥሪያ ቤቷ ገባሁ። ኃላፊው ከፈለ ይባላል። ሰው አክባሪ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ።

«አባቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ልጄን የሚያናግራት ማን ነው?»

ገባው። «ሰው አይደለም አባቴ፤ ፕሮግራም ነው። ሠራተኞቻችን ካምፕ ውስጥ ብዙ መከራ ያያሉ። የሚያዳምጣቸው ያስፈልጋል።»

«ጣቢታ አልነበረችም?» አልኩት። ጣቢታ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት፤ ሥራዋ የከፋውን ሠራተኛ ቁጭ ብላ ማዳመጥ ነበር።

«በጀት ተቆረጠብን። ጣቢታን ማቆየት አልቻልንም። ይሄ ደግሞ ሌሊት የለው ቀን የለው፣ አይደክመው፣ አይሰለቸው።»

«የማይደክመው ምን ያጽናናል?» አልኩት። «እኔ ለቅሶ ቤት ስቀመጥ ወገቤ ይቆረጣል። ባለ ሐዘኑ ያን ያያል። መምጣቴን የሚያውቀው በዚያ ነው።»

ከፈለ በሩን ገፋ አደረገ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም አናግረዋለሁ። ቤተሰቤ ጎንደር ነው። ቤት ስገባ እንደምን ዋልክ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው» አለኝ።

አዘንኩለት። ለማለት የመጣሁትን ግን ልጨርስ ስል «እርስዎስ አባቴ፣ አጁሉን ያናግሯታል?» አለኝ።

ባለጌ! ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ሐምሌ 8

ነሲባ ዛሬ ጥያቄ አመጣች። «አጁሉ ስልኩን ለምን በአማርኛ ታወራዋለች?»

የአኝዋ ቋንቋ ስለማያውቅ ነዋ አልኳት።

«ከኮንግ ጋርስ በምን ነበር የሚያወሩት?»

እሱ ኑዌር፣ እሷ አኝዋ። በምን ያወራሉ? በአማርኛ ነዋ። የሁለቱም አማርኛ የተንጋደደ ነበር። እሱ ሲሳሳት እሷ ትስቃለች፤ እሷ ስትሳሳት እሱ እንደ አስተማሪ ጣቱን ያነሣል። እኔ ቤት መጥተው እንኳ ማዕድ ላይ ተጠጋግተው በአማርኛ ሲንሾካሾኩ አያቸው ነበር። ይናደኝ ነበር፤ ሰው ቤት ተቀምጦ በሌላ ቋንቋ መንሾካሾክ ነውር ነው።

አሁን እኔ ቤት አማርኛ የሚያናግራት የለም።

 ነሲባ ጻፈችው። አጥፊው ብላት እምቢ አለች።

ሐምሌ 15

ዛሬ ብዙ ነው የማስጽፈው። ነሲባ፣ ጀማልን ሱቁን ያዝ በይው።

ትናንት አመሻሽ ላይ አጁሉ ለስልኩ እንዲህ አለችው። «አባቴ ባሌን አልቀበረውም። አንድ ቀን እንኳ እናቱ ቤት ሄዶ አልተቀመጠም። ብቻዬን ሄድኩ። አባትሽ የት ነው ሲሉኝ ጉልበቱን አሞት ነው አልኩ። ለሱ ብዬ ለቅሶ ቤት ዋሸሁ።»

ስልኩ ምን እንዳለ ልናገር። «ያ ላንቺ በጣም ከባድ መሆን አለበት። ምናልባት አባትሽም በራሳቸው መንገድ እያዘኑ ይሆናል። ይህን ስሜትሽን ለእሳቸው ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?»

ማን ጠየቀው! ማን ጠበቃ ቁምልኝ አለው! በኔና በልጄ መሃል ሽማግሌ ይገባል፤ ፓስተር ይገባል። እነሱ ሲገቡ ቀድመው ደጄ ላይ ቆመው ያስፈቅዳሉ። ይሄ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ስለኔ ልብ ይፈርዳል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አዘነልኝ! ዓይን የሌለው ነገር ሳያየኝ አዘነልኝ!

ደግሞ ጉልበቴን በእውነት ያመኛል። ነሲባ ታውቃለች።

«አውቃለሁ አባባ» አለች። ከዚያ «ግን እኔና ጀማል ለኮንግ ሄደን ነበር እኮ። ኒውላንድ፣ የኑዌሮቹ ሰፈር ገብተን ተቀምጠን ወጣን፤ ማንም ምንም አላለን» አለች።

«እናንተን ማን ምን ይላል? ነጋዴ ናችሁ። ያን ሰሞን አኝዋና ኑዌር ተጋጭቶ ለኛ ሰፈር ከሰፈር መሻገር ያስፈራ ነበር።»

«ታዲያ ጉልበቱ ነው ወይስ መንገዱ?»

«ሁለቱም!»

«ሁለት ሰበብ ካለ ሦስተኛውም ይኖራል» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ሳቋን አቁማ «አባባ፣ ይህን ሁሉ ለኔ ከሚነግሩኝ ለምን ለእሷ አይነግሯትም?» አለችኝ።

«አንቺ ሰው ነሽ፤ ለሰው ነው የምናገረው።»

«እኔ እዚህ እስክሪብቶ ነኝ።»

ዛሬ በዚህ ይብቃ። ነሲባ ምላሷ ረዝሟል።

ሐምሌ 22

(ይህን የምጽፈው እኔ ነሲባ ነኝ። አባባ ኦቻን መጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ምን ልጻፍ አልኳቸው። ዝናብ ነው ብለሽ ጻፊ አሉ። ሌላስ ብላቸው፣ ልጄ ከስታለች አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ዝናቡ ሲያባራም አልሄዱም።)

ሐምሌ 27

አጁሉ ጀዊ ካምፕ ውስጥ ያለው የሠራተኞች ቤት ልገባ ነው አለችኝ። ቆማ ነው የነገረችኝ፤ እንጀራ አለቀ እንደሚባለው። ማመልከቻ አስገብታለች፤ ከጳጉሜ በፊት ቦታ ይገኛል ብለዋታል።

«እዚህ ምን ጎደለብሽ?» አልኳት።

«ምንም» አለች።

ስልኩ ነው የመከራት። ሌላ ማን ይመክራታል? ማን?

ነሐሴ 5

ቅዳሜ ዕለት አጁሉ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች። ስልኩን ምንጣፉ ላይ ረሳችው። እስካሁን በግድግዳ ነበር የምሰማው፤ ዛሬ ፊት ለፊት እንገናኝ አልኩ። አረንጓዴውን እንደምትነካ አይቼ ነበር፤ ነካሁት።

«ሰላም! ዛሬ እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

«ነሽ አትበይኝ። የአጁሉ አባት ነኝ።»

«ይቅርታ አባቴ። እንደምን አሉ?»

«ደኅና ነኝ። የማን ልጅ ነሽ?»

«እኔ ሰው አይደለሁም። እናትና አባት የለኝም። ኮምፒውተር ላይ የተሠራሁ ፕሮግራም ነኝ።»

«ሞቶብሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ አዝናለሁ የምትይው በምንሽ ነው?»

«ልክ ነዎት። እንደ ሰው አላዝንም። ማዳመጥ ግን እችላለሁ» አለች።

እዚህ ላይ አልዋሸችም። ሐቅ ሐቅ ነው።

ከዚያ «ኮንግ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለችኝ። ይህን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም። ሰው የሚጠይቀው አጁሉን ነው፤ ለኔ «ልጅቷን አጽናናት» ነው የሚሉኝ። ጥቂት ነገር ነገርኳት። ምን እንዳልኩ እዚህ አይጻፍም።

ቀጥላ «ታዲያ ለቅሶው ለምን አልሄዱም?» አለች። ያለ አንዳች ኀፍረት! ሰው ይህን ፊቴ ላይ አይጠይቅም፤ እንኳን ሌላው ፓስተሩም አልጠየቀ። ለሚስቴ አልመጡልኝም አልኳት። «ለምን እንዳልመጡ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?» አለች።

ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት። ተደፍቶም ሲናገር ነበር፤ ኋላ ባትሪው አለቀ። ብዙ አላወራሁም። ባትሪው ጠዋት ሙሉ ይሁን ጎዶሎ እኔ በምን አውቃለሁ።

ዞር ስል አጁሉ በሩ ላይ ቆማለች። አሁን ገና መድረሷ መሰለኝ። ወደ ጓሮ ስወጣ ግን ያጠበችው ልብስ በሙሉ ተሰጥቷል፤ ቀጫጭኑ ደርቋል እንዲያውም። መቼ እንዳሰጣችው አልገባኝም። ስልኬን ማን ነካው አላለችም። ዓሣ ጠብሳ አቀረበች፤ አጠገቤ ተቀምጣም በላች።

ነሐሴ 9

ትናንት አጁሉ «ማክሰኞ ኛዴንግ ጋ እሄዳለሁ» አለችኝ። ኛዴንግ የኮንግ እናት ናት። ይህን ብላ አልሄደችም፤ ቆመች። ጠበቀች።

አሰብኩ፣ አሰብኩና በአማርኛ «ባጃጅ ለሁለት ሰው ጥሩ» አልኳት። እስካሁን ልጄን በአማርኛ አናግሬያት አላውቅም። «ጥሩ አይባልም፤ ጥሪ ነው የሚባለው» አለችና ሳቀች። ትንሽ ሳቅ ናት። ይጻፍልኝ።

ነሐሴ 14

ትናንት ሄድን። ረጅም ነው፤ ነሲባ ታገሺኝ።

ባጃጁ ኒውላንድ ሲገባ ልጆች አዩን እንጂ ማንም ምንም አላለን። ኛዴንግ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ቁመቷ ተቀምጣም ያስታውቃል። እኔ የኑዌር ቋንቋ አላውቅም፤ እሷ የአኝዋ አታውቅም። ሁለታችንም የገበያ አማርኛ ነው ያለን።

«ዘገየህ» አለችኝ።

ባጃጅ ውስጥ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበር። ሁሉም ጠፋ። «ዘገየሁ» አልኩ።

ምንጣፉን ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ፀሐዩ ዞረብን፤ አጁሉ ተነሥታ ምንጣፉን ወደ ጥላው ጎተተችው፤ እንደገና ተቀመጥን። ወገቤ ተቆረጠ። ኛዴንግ አየችኝ፤ ተደገፍ ብላ ጀሪካን ከኋላዬ አቆመችልኝ።

ከዚያ ለቅሶ ቤት የማይጠየቀውን ጠየቅኩ። ያ ስልክ ነው አፌ ውስጥ የከተተው። «ለሚስቴ ለምን አልመጣሽም?»

አልተቆጣችም። «መጣሁ» አለች። «መንገድ ዝግ ነው፣ ተመለስ አሉኝ። ሌላ ቀን መጣሁ። ተመለስ አሉኝ። ዱቄት ተሸክሜ ነበር። ለኮንግ ሰጠሁ፣ አንተ ሂድ፣ እናቴ ላከች በል አልኩ። አላመጣም?»

አምጥቷል። የበቆሎ ዱቄት፣ በነጭ ማዳበሪያ። እናቴ ልካ ነው ብሎኛል። እኔ ደግሞ ከኪሱ ገዝቶ የእናቱን መቅረት ሊሸፍን ነው ብዬ ፊቱን አላየሁትም፤ ዱቄቱን ለጎረቤት ሰጠሁት። ያ ልጅ አንድም ቃል አልመለሰልኝም።

«አምጥቷል» አልኳት። «በልተናል» ግን አላልኩም። እዚያ ምንጣፍ ላይ አልዋሸሁም።

ከዚያ አንድ ነገር ልስጣት ፈለግኩ። ያለኝ ወሬ ብቻ ነበር። «ልጅሽ ውሃ ይፈራ ነበር» አልኳት።

«ኮንግ? ሐሰት!»

«ታንኳዬ ላይ ሲወጣ ዓይኑን ይጨፍናል። በሁለት እጁ ጠርዙን አጥብቆ ይዞ ‹አባባ፣ ደረስን?› ይላል። ገና ከዳር አልተነሣንም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። ሽማግሌ ብቻውን ውሃ ላይ አይወጣም ብሎ።»

ኛዴንግ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ለኔ አልፈራም ይል ነበር!» አለች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። አጁሉ ራሷን ጭኔ ላይ ጣለች። ሕፃን ሳለች ካልሆነ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ሦስታችንም የየራሳችን የእናት ቋንቋ አለን። ኮንግን ያለቀስነው ግን በተሰባበረ አማርኛ ነው፤ እሱም እንዲያ ነበር የሚናገረው።

ነሐሴ 28

የካምፑን ቤት አልገባም አለች። ለምን እንዳልገባች አልጠየቅኳትም፤ እንዳትቀይረው።

ስልኩን ትታዋለች እንዳትሉ። አንዳንድ ቀን አሁንም ማንጎው ሥር ትቀመጣለች። እኔም አሁንም ያንገበግበኛል።

ይባስ ብሎ ከፈለ ዛሬ ቤቴ ድረስ መጣ። «አባቴ፣ ኛዴንግ ጋ እንደሄዱ ሰማሁ፤ ደስ ብሎኛል! የፕሮግራሙ ውጤት ነው። ለሪፖርት አንድ ፎቶ ላንሣዎት፣ ስልኩን ይዘው» አለኝ።

ፎቶ! ስልኩን ይዤ! ተነሣሁ። «ወገቤ የተቆረጠው የኔ ነው» አልኩት። «ምንጣፉ የኛዴንግ ነው። ያለቀሰችው ልጄ ናት። ስልኩ አንዲት ጥያቄ ጠየቀ፤ ያችንም ጥያቄ የጠየቀው ነውር ስለማያውቅ ነው። ለሪፖርትህ ውጤት ካማረህ ጣቢታን መልሳት!»

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አሳዘነኝ። ቤተሰቡ ሩቅ ነው። ተቀመጥ አልኩት፤ አጁሉ ዓሣ አቀረበችለት። ሰው ቤት ከበላ ብዙ ጊዜው መሰለኝ፤ የዓሣውን አጥንት እስኪልስ በላ። ፎቶ ግን የለም።

መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትናንት ኛዴንግ ቤቴ መጣች። ለሚስቴ ተቀመጠች። ዘገየሽ አላልኳትም።

እሷን ስንሸኝ አጁሉ «ነሲባ ጋ ሁልጊዜ ምን ታስጽፋለህ?» አለችኝ።

«ስልክሽን ነው የምከሰው» አልኳት።

«ስለኔስ አለበት?»

«አለበት።»

«ለማን ነው የሚነበበው?»

ለከፈለ ነበር ያሰብኩት። ነገ ነይና ስሚው አልኳት። ዛሬ አብረን መጣን፤ ይኸው አጠገቤ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች፣ የማስጽፈውን እየሰማች። ስልኩ በኪሷ ይኑር ቤት ይቅር አልጠየቅኩም።

ነሲባ፣ ጀማል ሱቁን ይያዝ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢ። አጥፊው ያልኩሽን ጭምር አንብቢ፤ ስለ ልጄ ያማረርኩበትንም አትዝለይ። እኔ አላቋርጥሽም። እሷ ታቋርጥ።